ከመስኮቱ ክንድ ከስንዝር

ኮምቦልቻ ወርጄ ከመዲና ጓሮ፣
ቁራጭ ሐረግ ሰጠችኝ በቲማቲም ቆርቆሮ።
ሃያ ስምንት ዓመት በፈትል ክፍል ቆማ፣
ጆሮዋ የደከመ፣ ጮክ ካላሉ አትሰማ፤
«ሆያ ትባላለች፣ ብርሃን ትወዳለች፤
ፀሐይ ግን ፊት ለፊት ካየቻት ትነድዳለች።»
«ልኩስ?» ስል ጮህኩባት። ሳቋን ለቀቀችው።
«ፎቶ አንሺ አይደለህም? ልኩን አንተ እወቀው!»

ሐረግ ይዤ ሐረጎን ስወጣ በሚኒባስ፣
በጉልበቴ አጥብቄ ውሃዋ እንዳይፈስ፣
በየጠመዝማዛው አየሩ ሲቀዘቅዝ፣
ሙቀት ያሳደጋት ጉም ላይ ስትፈዝዝ፣
ረዳቱ ጎንበስ ብሎ «ማን ይሏታል?» አለኝ፤
«ሆያ» ከማለቴ የኋላ ወንበር ልጆች አጨበጨቡልኝ፣
ነሐሴ መስሏቸው፣ ጥር ሳይገባደድ።
ሙልሙል ከየት ላምጣ? ከረሜላ ገዛሁ መናኸሪያ ስንወርድ።

ቤታችን ጦሳ ሥር፤ አሥር ሰዓት ሲሆን፣
ተራራው ይሰበስባል የቀረውን ቀን።
አርባ ዓመት ፒያሳ ላይ ብርሃን ስመነዝር፣
የሙሽራ ቬሎ፣ የተማሪ ጉርድ ፎቶ፣ የሟች ፊት ሳስቀር፣
«ቀና በይ፣ አትሳቂ፣ ዓይንሽን ክፈቺ» ስል፣
ጥላው ከአፍንጫ ሥር አንድ ጣት ሲከተል፤
ሲበዛ ፊት ይነጣል፣ ሲያንስ ይጠቁራል፤
ይህን የማያውቅ ሰው ፎቶ ቤት ምን ይሠራል?

ለሆያ ግን ልኩ ጠፋኝ።
መስኮት ደፍ ላይ ባኖራት በሳምንቷ ቢጫ፤
በቅጠሏ ላይ ቀረ የፀሐይ ግልምጫ።
ቁም ሳጥን ላይ ባወጣት፣ ጨለማው ጥግ ብትኖር፣
ቅጠል አልባ ክር ሰደደች እንደ ዓይነ ስውር በትር፣
አየሩን እየነካካች፣ መስኮት ወዴት ነው እያለች።
ከመሳቢያ አወጣሁ የብርሃን መለኪያዬን፤
መርፌው ሞቷል። ባራግፈው፣ ብመታው ጎኑን፣
ወይ ፍንክች።
እጄን ዘርግቼ ጥላዬን ግድግዳ ላይ ተመለከትኩ፤
ጥርት ካለ ይበዛል፣ ከጠፋ ያንሳል አልኩ።

በዚያው ሰሞን አልታዬ የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፎላት ተኝታለች፤
«መጋረጃውን ዝጋው፣ ብርሃኑ ወጋኝ» አለች።
አንድ መስኮት፣ ሁለት ሴት፤
አንዷ ብርሃን ትሸሻለች፣
አንዷ ብርሃን ትሻለች።
ሽማግሌ አልጠራሁም፤ ሽማግሌው እኔው ነኝ፤
የሳሳ ነጠላዋን መስኮት ላይ ልሰቅል ሁለት ሚስማር በቃኝ።
የሰባት ሰዓት ፀሐይ በድሩ ተጣርቶ፣
ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ለስልሶ፣ ተገርቶ።
ሆያን ከመስኮቱ ክንድ ከስንዝር አራቅኋት፤
የአልታዬንም ትራስ በዚያው ልክ አዞርኩላት።

እንድሪስ ጎረቤቴ በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣
«ለሚስትህ ነው ለአበባህ?» ይላል፣ ነገር ፈልጎ።
«ሚስቴስ ታማርራለች፤ የማታማርረዋ ታስፈራኛለች» እለዋለሁ።
ሐምሌ ጉም ሲያለብሰን ነጠላውን እገልጣለሁ፤
ጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ መልሼ እዘረጋለሁ።

ሦስት ክረምት አለፈ። የግራ ዓይኗም ተራው ደረሰ፤
ነጠላው እዚያው አለ፣ ጠርዙ ብቻ ተበጠሰ።
ቅጠሏ ሰም መሰለ፣ ወፍራም፣ ወዘናው የወጣ፤
«ሰሙን አየን» ትላለች አልታዬ፣ «ወርቁስ መች ሊመጣ?»
እኔ በየማለዳው መነጽሬን ጠርጌ አያለሁ፤
«እምቡጥ?» ስትለኝ፣ «አልታየ» እላለሁ።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሰፈሩ ድቅድቅ ብሎ፣
ፋሻ በግራ ዓይኗ፣ አንገቷ ወደ መስኮት አዘንብሎ፣
«ተነሣ» አለችኝ። «አንድ ነገር ሸተተኝ፤
ማር አይደለም፤ ማር ልሁን ብሎ የሚያስብ ነገር።»
ክብሪት ጫርኩ። ከቅጠሏ ጀርባ፣ ቁልቁል የተደፋ፣
አንድ እፍኝ ኮከብ አየሁ። ክብሪቱም ጣቴን ለብልቦኝ ጠፋ።

አልታየ ያልኩትን አልታዬ አየችው፤
በአፍንጫዋ፣ በጨለማ፣ ተኝታ ቀደመችኝ፣ ለካችው።
ሌላ ክብሪት ልጭር ስል እጄን ይዛ፣ «ተው» አለች፣
«ልኳን አግኝታለች።»