ዘጠኝ ጨርቅ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ከደሴ ቁልቁል ሐረጎን ስታልፍ፣
በሳሏ ነው የማውቃት ገና ሳላያት፣
ወይን ጠጇን ዲኤክስ፣ የጋሽ አበጋዝን ኩራት።

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ነው ሥራዬ፤ የሁለት ቆርቆሮ ጥላ፣
አንድ ቱቦ፣ ሦስት ባልዲ፣
ለማድረቂያ አሮጌ ካናቴራ፣ ለመወልወያ ፍላኔላ።
"ጦይብ፣ ያው ነው" ይለኛል፣ ሳይወርድ፣ ብሩን ይዞ በእጁ፤
"ኮፈኗን፣ ፓራፋንጎዋን... እንድታበራ ከደጁ።"
ከየትኛው ደጅ? አልጠየቅሁም።
ሥራ ያመጣ ሰው አይጠየቅም።

አያ ሸህቦ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሙያውን ያስጨበጠኝ፣
የመጀመሪያ ቀን ጣቴን ከመኪና ጠርዝ አሳርፎ እንዲህ ነበር ያለኝ፦
"ቀለም ማለት፣ ልጄ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አይወፍር፤
ፖሊሽ ማለት አሸዋ ነው፣ ደቆ የላመ አፈር።
ጭረቱ የጠፋ ይመስልሃል፤
ዙሪያው ነው ወርዶ የተስተካከለው፤
የምታበራው ቀንሰህ ነው።
ባመት አንዴ ይበቃታል። ካደፈች፣ ከነተበች፣ ሁለቴ፤
ሦስተኛ ለሚልህ ሰው፣ ብሩን መልስለት፦ 'ይቅር፣ አባቴ።'"

እኔ ግን የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ታናሽ እህቴ ትማራለች፤
የጋሽ አበጋዝ ብር ደግሞ ሐሙስን ጠብቃ ትመጣለች።
ጥርን አሸሁ። የካቲትን አሸሁ።
ጨርቄ መቅላት ጀመረ፣
መጀመሪያ እንደ ቀጭን ሻይ፣ ኋላ እንደ ቀይ ሽንኩርት ውሃ።
መጋቢት ሲገባ፣ ከኮፈኗ ጠርዝ፣ ከጥፍር በማይሰፋ ቦታ፣
ግራጫው አንቲሩጂኒ ብቅ አለ፣
እንደ አጥንት፣ በዝምታ።

ያን ዕለት ብሩን አልተቀበልኩም።
ኮሮጆዬን ገልብጬ ዘጠኝ ጨርቅ ሣሩ ላይ ዘረጋሁ፤ የዘጠኝ ሐሙስ።
"ጋሼ፣ መኪናህ የት እንዳለች እወቅ።
ግማሿ እዚህ ናት። እኔ ነኝ የወሰድኳት፣
አንተ ነህ የከፈልከኝ፤ ቀን ቆጥረን ነው የላጥናት።"

አንዱን ጨርቅ አነሣ። አሸተተው።
እንደ መሐረብ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ሰዓዳ" አለ፣ "ሚስቴ፣ ዐይኗን ሞራ ጋርዶታል።
የቦሩ ሜዳ ቀጠሮዋ ገና ለሰኔ ነው።
ከደጅ ስቆም ሰው ልሁን ግንድ አትለየኝም።
ብልጭታ ግን ታያለች።
ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ስትወድቅ፣
'መጣህ?' ትለኛለች፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ገና በሩቅ።
አንተ ጨርቅ አሳየኸኝ። እኔስ ለእሷ ምን ላሳይ?"

ይህን አያ ሸህቦ አላስተማረኝም።
እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ የፖሊሹን ጣሳ ግን አልከፈትኩም።
"አብሽር፣ ጋሼ። ብልጭታው ሳይታሽም ይኖራል።
ጥላ ሥር ትታጠብ። አቧራውን ውሃ ያውርደው፤
በደረቅ ጨርቅ የጠረግከው የሐርቡ አቧራ ጥፍር አለው።
አንድ ባልዲ ለሳሙናው፣ አንድ ባልዲ ጨርቁን ማለቅለቂያ።
ከዚያ ሰም፤ በሁለት ወር አንዴ፣ ሳሳ አድርጎ።
ሰም ከላይ ነው የሚተኛ፣
ወርቁን አይነካም።"

ሚያዝያ ላይ ይዟት መጣ።
በአንድ እጇ እስፖርቴሎውን ይዛ፣ መሬቱን በእግሯ ፈትሻ ወረደች።
መዳፏን ኮፈኑ ላይ ጣለች፤ ቀስ እያለች ተጓዘች፤
ዘጠኝ ሐሙስ ያሸሁትን በአንድ እጇ አነበበች።
ጠርዙ ጋ ስትደርስ ቆመች።
"እዚህ ጋ ሳስቷል" አለች።

"ሳሳሁልሽ" አላት።

"አየሁ" አለች።

ቱቦውን ዘጋሁ። ከወንዙ ማዶ አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ነፋ።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ "ወይን ጠጅ ዲኤክስ። ፖሊሽ፣ የዛሬ ዓመት።
እስከዚያ ውሃ።"
ስምንቱን ጨርቅ ግን
እስካሁን አላጠብኳቸውም።