ቀኝ ኪስ፣ ግራ ኪስ

ከአዘዞ መጋዘን፣ ከብረቱ በር አጠገብ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ ስመዘግብ።
መዝገቤ ሽምብራ ነው፤ አንድ ጆንያ ሲያልፍ
አንዲቷን ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ማሳለፍ፣
ሲመሽ አፍስሼ በጥንድ መቁጠር፤
እንዲህ ነበር ነገሩ፣ እንዲህ ነበር።

ከመተማ ሰሊጥ፣ ከአርማጭሆ ማሽላ፣
ተሳቢው ሲደረደር ከፊትና ከኋላ፣
ሰባቱ ጎንበስ ይላሉ፣ ኩንታሉ ይወጣል ጫንቃ ላይ፤
ሰጠኝ ከፊት ነው፣ አጣናው ከሰጠኝ ተረከዝ ሌላ አያይ።
«መልኩን ብትጠይቀኝ» ይለኝ ነበር ሲቀልድ፣
«እኔ እንጃ። ተረከዙ ግን፣ ስንጥቁ ሲወርድ፣
የደንቢያ መሬት ነው፣ በግንቦት ያየሁት፣
ዝናብ የዘገየበት።»

«ቀበቶ ተገዛ» አለን ሥራ አስኪያጁ በኅዳር።
ወርቅያንስ ሱሪውን ሳበ፣ በሲባጎ የታሰረውን፤
«ለሰባታችንም ይበቃል?»
ሳቅን። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም።

መጣ ቀበቶው፤ አርባ ሜትር፣ ጥቁር ላስቲክ፣ የብረት እግር፣
ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ በወረታ ዞሮ፣ ሲንገራገጭ አድሮ።
እዚያ ከመርከብ ያወረደው ክሬን ነው አሉ፤
እዚህ ግን ክሬን የለም። ሁሉም ዝም አሉ።
ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ሾፌሩ ሰማዩን፣
ከዚያ ሁሉም ዞሮ አየ የሰጠኝን ትከሻውን።

ሰባት ሰው፣ ሦስት አጣና፣ አንድ ያረጀ ገመድ፤
አጣናው ከአጣናው ሥር ሲገባ እንደ ልማድ
«ሆ!» አለ ሰጠኝ፤ ተነሣ ያ ብረት፤
የሚተካቸውን ተሸክመው አስገቡት።
እኔም፣ ምን ላድርግ፣ በሩ ላይ ነበርኩ፤
ከቀኝ ወደ ግራ አንድ ሽምብራ ጣልኩ።

አሁን ሰሊጡ ያለ ጆንያ እንዲያው ይፈሳል፤
ዓይኑን ለጨፈነ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይመስላል።
ሚዛኑ ራሱ ይቆጥራል፣ በቀይ ቁጥር ተርታ፤
አያስነጥስ በአቧራው፣ አይሳሳት በጨዋታ።
ክፉ ነው ብዬ በሐሰት አልምልም፤
ወርቅያንስ ሠላሳ አልሞላውም፣ ጎንበስ ካለ ግን ቀና አይልም።
እሱ ወደ እናቱ አገር ሄደ። ሁለቱ መገጭ ወንዝ፣ አሸዋ ሊዝቁ።
የቀሩትን ሁለት አልጠየቅሁም።

ሰጠኝን አስቀሩት፤ አረንጓዴ ቁልፍ ሰጡት።
ሃያ ዓመት ሲጫን የኖረ ሰው
ዛሬ እሱ ነው የሚጫነው፤
ጠዋት አረንጓዴውን፣ ማታ ቀዩን።
አጣናውም ቀረ፣ መጥረጊያ ይዞ፣ የተንጠባጠበውን ሊጠርግ።
አንድ ቀን ቀትር ላይ መጥረጊያውን ተደግፎ ቀና አለ፤
ሰጠኝን አየው፣ ረዘም አድርጎ አየው፤
«ለካስ ጠይም ነህ» አለው።

እኔ ቢሮ ገባሁ። ማሽኑ በጻፈው ላይ እፈርማለሁ።
ቀኝ ኪሴ ባዶ ነው፤ ሽምብራውን ቆልቼ ጨረስኩት።
ያቺ አንዷ ግን፣ የዚያን ዕለቷ፣ ግራ ኪሴ ናት እስካሁን፤
ገቢ ልበላት ወይስ ወጪ፣ አላወቅሁም ዓምዷን።