የት ያሰጧታል

ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ቤቴ፣
መስታወት ስቆርጥ በአልማዝ ስለቴ፣
ጋሽ ዘውገ መጡ፤
ከጃኬታቸው ሥር ጥቅል ወረቀት አወጡ።
«ፍሬም አብጅለት፤ ጠርዙን ግን እንዳትነካ፤
ከምጽዋ ይዤ የወጣሁት ይኸው ብቻ ነው ለካ!»

ዘረጋሁት።
በመዳብ ገላ ላይ በመርፌ የተጫረች፣
ከዚያም በጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ያደረች፣
ሦስት ምሰሶ ያላት፣ ሸራዋን የወጠረች
የጥንት መርከብ።
ጎኗን ብል በስቶታል፤ መድፍ ያገኛት ይመስላል።
ከገመድ መሰላሉ ላይ ምስጥ የሚያክል ሰው ተንጠልጥሏል፤
ኮፍያውን ያውለበልባል፣
ለማን እንደሆነ እንጃ።
ውኃውም ውኃ አይደለም፤
መስመር በመስመር ላይ ነው፣ ጠብታ እንኳ የለም።
ነፋሱ ግን አለ፤
ከሸራዋ ሆድ ውስጥ እንደ ጽንስ የዋለ፣
ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሊወለድ ያልቻለ።

ጋሽ ዘውገ ገመዶቿን በስም በስም ጠሩ፤
አንዱን በጣሊያን አፍ፣ አንዱን በእንግሊዝ እየመነዘሩ።
ከኋለኛው ምሰሶ፣ አንዲት ቀጭን ገመድ ጋ ሲደርሱ ስሙ ጠፋባቸው፤
እንደ ታሰረች ጀልባ እዚያው ቀረች ጣታቸው።

ጦይብ ገባ በዚህ መኻል፤
ታንኳ ሠሪው። የትከሻው ደንገል ወለሌ ላይ ያንጠባጥባል።
ጠጋ ብሎ አያት። አልደነቀው ቁመቷ፣
አልጠየቀም ስለ መድፏ፣ ስለ ሀብቷ፤
እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ እንደ ሙያ ወንድም፣
ሆዷን አየ፣ አፍንጫዋን አየ፤ ቸኩሎ አልፈረደም።

«ታንኳ ውላ ስትገባ ካልተሰጣች ለፀሐይ
ትጠጣለች፤ ትከብዳለች፤ ትለግማለች ሐይቁ ላይ።
ይቺን የምታህለውን ሲመሽ ማን ይሸከማታል?
የትስ ያሰጧታል?»

እኔ ሳቅሁ።
ጋሽ ዘውገ አልሳቁም። በደጃፌ አሻግረው ጣናን አዩ፤
«ባሕር» ብለን የጠራነውን፣
ጠራ ሲል ግን ማዶው የሚታየውን።
«የኛዋም» አሉ፣ ድምጻቸው እንደ ረጠበ ክብሪት፣
«ሳትሰጣ ነው የቀረችው፤ ውኃ ላይ እንዳለች ተውናት።»

ጦይብ ራሱን ነቀነቀ፤ ደንገሉን አንሥቶ ወጣ።
ወለሌ ላይ የቀረችውን ውኃ አልጠረግኋትም።

መስታወቱን ገጠምኩ፤ ሚስማሩን መታሁ በቀስታ።
«ፀሐይ ፊት እንዳይሰቅሉት» አልኳቸው፣ «ቀለሙ እንዳይገረጣ።»
መርከቧን ታቅፈው፣ ከደጅ ሆነው ዞር አሉ፤
«ግድ የለህም፤ ትሰጣ።»