በጥፍር ጫፍ

ከቁልቢ ንግሥ ማግሥት፣ ጀምበር ገና ሳትወጣ፣
በሩን ገፋ ባደርገው ብርዱ ሰተት ብሎ መጣ።
ጓሮዬ ነጭ ነበር፣
ጨው የነዙበት ይመስል፣ ከቃሪያው መደብ እስከ አጥር።

«ውርጭ የጋራ ሙለታ ነው፣
ቢበዛ የዓለማያ ሜዳ፤
ሐረር ላይ ምን ሲል ይወርዳል?» ይል ነበር አባቴ።
እሱ ካለፈ ወዲህ ግን
አይወርድም የተባለ ሁሉ ወርዷል በቤቴ።

ፓፓያው አንገቱን ጥሏል፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ፤
ሙዙ እንዳደረ ሻይ ቅጠል ጠቁሯል፤
ቃሪያውስ? ተይው፣ አታውሪ።

የብርቱካኗ ቅጠል ብቻ አልረገፈም።
እዚያው ደርቆ ቀረ፣ ንፋስ በነካው ቁጥር እየተንኮሻኮሸ።
ያቺ አባቴ ከኮሌጁ እርሻ
በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ያመጣት ቅርንጫፍ፣
እሾሃም ግንድ ሰንጥቆ
በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ያሰራት፣
እንደ ተሰበረ ክንድ።

ሙርሺዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፣ ብርድ ልብስ ደርባ።
«መጋዙን አስቀምጪ፣ ውድነሽ።
በሐዘን ሰሞን ዛፍ አይቆረጥም፤
የሞተው ካልሞተው ዛሬ አይለይም።
የደረቀው ቅጠል ልብሷ ነው፣ ነገም ብርድ አለ፣ አትግፈፊያት።
ረፈድ ሲል ትንሽ ውኃ ከሥሯ፣
ፋንድያ ግን አሁን አትስጫት፤
ለታማሚ ጥሬ ሥጋ ያቀርባሉ እንዴ?
እስከ በልግ ደመና ጠብቂ።
ከዚያ ቅርፊቷን በጥፍርሽ ጫር አድርጊ፤
አረንጓዴ ካየሽ፣ አለች።»

እኔ የሞተ ነገር እያየሁ መዋል አልችልም።
አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን
ኮቱን፣ ጫማውን፣ መነጽሩን ሳይቀር
ለነዳይ የሰጠሁ ነኝ፤
ቤቱ እንዳይጠብብኝ ብዬ፣
ቤቱ እንዳይሰፋብኝ ብዬ።

ከጉልበት በላይ ያለውን ሁሉ፣ በአንድ ከሰዓት።
መጋዙ መሃል ግንድ ሲደርስ
ጥርሱ ረጠበ።
አየሁት።
አላቆምኩም።

የሙርሺዳ ዛፍ ሦስት ወር ሙሉ አስቀያሚ ሆና ቆመች፣
ማታ ማታ ጆንያ ለብሳ፣ ቀን ቀን ተገልጣ፣
መንገደኛው «ለማገዶ ሽጪያት» እያለ ሲስቅባት።
«አልሞተችም፣ ተቀይማ ነው» ትላለች ሙርሺዳ፣
ሳትቆጣ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ደመናው ከኤረር ሸለቆ ወጣ፤
አንድ ሌሊት ዘንቦ ሲያበቃ
ከጉቶዬ ሥር ቀንበጥ!
ሮጥኩ፣ ጠራኋት፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።
ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ጣቷን እሾህ ወጋት።
«ይሄ የታችኛው ነው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«አባትሽ የሰነጠቀው፣ መራራው።
ያንቺዋ ከላይ ነበረች።»

ምን ይባላል?
ሥሩ ምን በደለ?
ዕድሜ ልኩን በሌላ ስም ሲጠራ ኖሮ
ብቻውን ሲቀር በራሱ ስም አቤት አለ።

ልነቅለው ነበር። እጄን ያዘችኝ።
«እርሳስ ያህል ይወፍር። ከዚያ ነይ።
የኔዋም ካንቺዋ ናት፤
ልጄን የዳርኩ ዓመት፣ አባትሽ ነው የሰጠኝ።»

አሁን ሰኔ ነው።
ሦስት ዓይን ያላት ቅርንጫፍ በአጥሩ ላይ ተሻግራልኝ፣
በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ፣
እሾሃሙን ሰንጥቄ አሰርኳት፤
ከመነዳሪውን ከጎረቤት ልጅ ለምኜ።
እጄ ተንቀጥቅጧል፤
ቋጠሮዬ የአባቴን አይመስልም።

ይኸው ሦስት ሳምንት፣
በየጠዋቱ አጠገቧ ቁጢጥ እላለሁ፤
አለች? የለችም? ጫር ባደርጋት እላለሁ።
ጥፍሬን ግን
አሳጥሬ ቆርጬዋለሁ።