የግድቡ ዘበኛ ቃል

ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ፊርማውም የሹም ነው፤
«ሦስት ቀን ዓሣ ያጥምድ» ይላል፣ «እንዳትከለክለው»።
እኔ አንገረብ ላይ ዘበኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆምሁ፣
ስንቱን የቀበሌ ልጅ በዱላ ያባረርሁ፣
ስንት ክር በጥሼ፣ ስንት መንጠቆ ነጥቄ
በቲማቲም ጣሳ ያኖርሁ ደብቄ፣
አነበብሁት ሁለቴ፤ አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።
«እንኳን ደህና መጣህ» አልሁ።

ከመኪና ያወረደው የአንድ ሙሽራ ጓዝ ነበር፤
ድንኳኑ፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ የሚታጠፈው ወንበር፣
ሦስት ዘንግ፣ በየዘንጉ ሥር አንዲት ቀይ መብራት፣
ዓሣ ክሩን ሲነካው ጢጥ የምትል በሌሊት።
ፍራሽም አለው፣ ስስ ፍራሽ። ለራሱ መስሎኝ ነበር፤
«ለዓሣው ነው» አለኝ ቢሻው፣ «ሲወጣ እንዳይጫር»።
ለዓሣው!
የኔ ሁለቱ ልጆች ሰሌን ላይ ነው የሚያድሩ።
ዝም አልሁ። እንግዳ ነው፤ የራሱ ነው ነገሩ።

ሊጥ ያድቦለብላል ውሎ፣ ከበቆሎ ዱቄት፤
ከጠርሙስ ጠብ ያደርጋል እንጆሪ የሚሸት ዘይት።
«የኛ ዓሣ በሶ ይወዳል» አልሁት ለጨዋታ፤
ጻፈው በደብተሩ፣ ሳይስቅ፣ በርጋታ።
ካርፕ ነው የሚፈልገው። ዓሣውም ፈረንጅ ነው፤
ግብርና ቢሮ በበርሜል ጫጩቱን ያራገፈው፤
ያንገረብን ደለል በልቶ፣ የክረምት ጎርፍ ጠጥቶ
ጎንደሬ ሆኗል ዛሬ፣ ትከሻ አውጥቶ።

ባገሩ ኩሬ አለች አለ፣ የዚህችን ሩብ የማትሞላ፣
ዓሣዋ በስም የሚጠራ፣ አንድም ሰው የማይበላ፤
አንዷን ዘጠኝ ጊዜ ይዞ፣ ዘጠኝ ጊዜ ለቅቋታል፤
በዓሥረኛው ሞታ ቢያገኛት አልቅሶ ቀብሯታል።
«ቀብሯታል?» አልሁት ቢሻውን። «ቀብሯታል» አለ ቢሻው።
«ፍታት ግን አልነበረም።» ልጁ ቀልደኛ ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ መብራቷ ጮኸች፣ ያዘለት።
ታገለው፣ አደከመው፣ ፍራሹን አነጠፈለት፣
ውሃ አርከፈከፈበት፣ ቁስሉን መድኃኒት ቀባለት፤
መዘነው፣ ፎቶ አነሳው፣ ሳመው። አዎ፣ ሳመው!
ከዚያ ተንበርክኮ ወደ ውሃው መለሰው።

ሁዳዴ ነው። በሰፈራችን ክርክሩ አልበረደም፤
«ዓሣ ጾም ነው» ይላል ግማሹ፣ ግማሹ «አይበላም»።
ለዚህ ሰው ሁለቱም ያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል፣
ያውም ከእጁ አግብቶት፣ ያውም አፉን ስሞታል።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ነበር የኛ ተረት፤
ዓሣ ጎርጉሮ ዓሣ አውጥቶ ለሚመልስ
ምን ይተረት?

ሦስተኛው ሌሊት። ላስሎ ያንኮራፋል።
መብራቷ ጮኸች። ጠራሁት። ይገላበጣል።
ዘንጉን አነሳሁ እኔ፣
ከልካዩ፣ ባለዱላው።
ከማዶ፣ ከጨለማው፣ አንድ ነገር ሳበኝ፤
እንደ ወይፈን አይደለም፣
እጄን ይዞ «ና» እንደሚለኝ።
ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰዓታት ይሰማል።
ጋቢዬ ርሷል። ክሩ ጣቴን ቆርጦታል።

ሰባት ኪሎ ከምናምን። በእጄ ነው የመዘንሁት።
ላምስት ሰው፣ ለሁለት ቀን፤ ባንድ ትንፋሽ አሰላሁት።
ሽንኩርት ቤት አለ፤ ዘይቱ ከጎረቤት ይገኛል።
ከዚያ አፉን በባትሪ አየሁ። ሌላ መንጠቆ ተሰክቷል፤
የዛገች፣ ከሚስማር ተቀጥቅጣ የተሠራች፣
ጥቁር የልብስ ስፌት ክር ያንጠለጠለች።
የኛ ልጆች ሥራ። የየትኛው ይሆን?
ዱላዬን ሲያይ ክሩን የለቀቀው፣ የቱ ይሆን?

ነቀልኋት። ከላስሎ ብልቃጥ መድኃኒት ጠብ አደረግሁ።
ከዚያ እጆቼ ወደ ውሃው ሄዱ፤ እኔ አላዘዝሁ።

«ሌሊት አልጮኸም?» አለ በጠዋት። «አልጮኸም» አልሁ።
ጓዙን ሸከፈ፤ እስከ አስፋልቱ ተሸክሜ ሸኘሁ።

ቤቴ ስደርስ እናኑ በር ላይ እጄን አሸተተች፤
«ዓሣ ዓሣ ይላል» አለች።
ጋቢዬን ገለጠች፣ ከኋላዬ ፌስታል ፈለገች።
«የታለ?» አለችኝ፣
ኪሴ ውስጥ ያቺ የዛገች
ጭኔን ወጋ አደረገችኝ።