ከአጥንት በፊት

ጎህ ሲቀድ አሞራ ገደል፣ ጀልባው ገና ሳይጠጋ፣
አባ ኮዳ ወረፋ ይዟል፣ ዓይኑ ከመረቡ ጋ።
እኔም ባልዲዬን ይዤ፣ ከወፎቹ ጎን ቆሜ፣
ላሚሶን እጠራዋለሁ፣ መዳፌን አፌ ላይ ገጥሜ፦
«አፏን የዘጋች ሴት ካለች፣ አትሽጥብኝ አደራ!»
ይስቃል። «በዚህ ሰፈር? ከየት መጥታ፣ በየት ተራ?»

ግን ያውቃል የምለውን። እርጥብ አውራ ጣቱ
አገጯ ሥር ይዳብሳል፣ ሞልቶ እንደሁ ከረጢቱ።
ዕንቁላሏን በአፏ ሸሽጋ፣ ሳትቀምስ የሰነበተች
ቆሮሶ፣ ጾመኛ እናት፣ ባልዲዬ ውስጥ ትገባለች፤
ምራቋን እንኳ ሳትውጥ።

ሥራዬ ቆጠራ ነው። ሕዝብ አይደለም፣ ከብት አይደለም።
ከዩኒቨርሲቲው ጓሮ፣ ፎርማሊን በሚሸት ጠባብ ክፍል፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በማይክሮስኮፕ ቁልቁል አያለሁ
ትናንት ከእናቱ አፍ የወጣውን፦
ሁለት ዓይን፣ አንዲት ጭራ፣ ሆዱ ላይ የተለጠፈ አስኳል፤ ስንቁ።
ረሃብን ገና አያውቀውም።
የሚነክሰው የለ፣ የሚነክስበትም የለ፤
ግን አፉን ይከፍታል። ይዘጋል። ይከፍታል። ይዘጋል።
የእጅ ቆጣሪዬ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።
ይሄኛው ሰባ ስምንት በደቂቃ። ወንድሙ መቶ አርባ።
ምን እያለ ነው? ምንም።
ማንም ያላስጠናውን ያጠናል።

አጥንቱ የሚመጣው ኋላ ነው፤
ከታችኛው መንጋጋ ጥግ፣ ጅማት በሚስብበት ቦታ፣
እንደ በቆልት ጫፍ ብቅ ይላል፤
አዘውትሮ ለከፈተው ይረዝማል፣ ላዘገመው ያጥራል።
በሩቅ ሐይቅ ያሉ ዘመዶቹም እንዲያ ናቸው ይላሉ፦
ባለ ረጅሙ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ይፍቃል፣
ባለ አጭሩ የሚዋኘውን ባንድ ትንፋሽ ይስባል።
እንጀራቸው የተለየው፣ አንዱም ሳይበላ ነው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል ነው ያደግሁት።
ይስባል፣ አልካድሁም፤
ግን ልጓሙም ይስባል፣ ይኸው በዓይኔ አየሁት።
ልማድ ቀድሞ በሩን ይከፍታል፣
ዘር ከስንት ሺህ የልጅ ልጅ በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣
ቤቱ የራሱ ይመስል፣ በዚያው በር ይገባል።

ላሚሶ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ባንድ ጎን ሲቀዝፍ ኖረ፤
ቀኝ ትከሻው ከግራው ይበልጣል፤
እሑድ ኮት ለብሶ እንኳ ያስታውቃል።
እኔም የራሴ አለኝ። ሌሊት መንጋጋዬን ያመኛል።
ፒያሳ ያለው የጥርስ ሐኪም «ምንድን ነው እንዲህ የምትነክሺው?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።
አልነገርኩትም፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር
«አንቺ፣ አፍሽን ያዢ!» እየተባልኩ፣
ከመጋረጃ ጀርባ ያልወጣ ቃል ሳኝክ እንዳደግሁ።
ያኔ ማን ቆጠረልኝ?

ቅዳሜ ስኳርና ሳሙና ይዤ አራስ ጥየቃ ሄድኩ፣
የላሚሶ ሚስት ቦጋለች ሴት ልጅ ተገላግላ።
አምስት ቀኗ ነው፣ ስም አልወጣላትም፤
እንቅልፏን ተኝታ፣ ጡት በሌለበት ትጠባለች፤
ከንፈሯ ይገጥማል፣ ይላቀቃል፣ ይገጥማል።
አውራ ጣቴ፣ በሌለ ቆጣሪ ላይ፣ ሳላዘው ወረደ።
አርባ አንድ ላይ ጠፋብኝ።
ላሚሶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ክር በጥርሱ ይዞ፣
የተበጠሰ መረብ ይጠግናል።

«‹ዝም በይ› እንዳትላት» አልኩት።
ቀና አለ። ክሩን ከአፉ አወጣ።
«ምን ተናገረችና? አጥንቷ እንኳ ገና አልጠናም።»
«እሱን ነው የምልህ።»