የድንጋዩ ሰው ልክ

ደሴ፣ ፒያሳ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ስር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲንጀር ሳሽከረክር፣
የሙሽራ ሱሪ፣ የሼህ ጀለብያ፣
የዳኛ ጥቁር ካባ፣ የኳስ መለያ፣
ስንቱን ሰው ለካሁት በዚች የሜትር ገመድ፤
ሆዱን ሳብ ሳያደርግ የቆመ የለም አንድ።

አምና በጥቅምት ግን ሁለት ልጆች መጡ፣
ከሙዚየም ነን ብለው በርጩማ ተቀመጡ፤
"ጋሽ ይማም፣ ደንበኛ አለ፣ ከሙጃ በላይ፣
ልብሱ እንዲሰፋለት፣ ለሰው እንዲታይ።"
"ይምጣና ልለካው።" "አይመጣም፣ ተኝቷል።"
"ታሟል?" አልኩ። ተሳሳቁ። "ከድንጋይ ተቀርጿል።"

በመኪና አንድ ቀን፣ በእግር ግማሽ ቀን፤
ከፍልፍሉ ደጃፍ ጫማችንን ፈታን።
መሪጌታ አውላቸው ጧፍ ይዘው ቀደሙኝ፤
"ዙሁር ሲደርስብህ ሜዳው ንጹሕ ነው" አሉኝ።

እዚያ ነበር ጌታው፣ ከግድግዳው ጥግ ስር፣
ተጋድሞ በጀርባው፣ ሳያንቀላፋ፣ ሳይዞር።
ራስ ቁሩ ሾጣጣ፣ እንደ ቅል አናት፣
ጋሻው በጉልበቱ፣ ጎራዴው በጎን አጥንት፤
ከትከሻው ለምዱ፣ የአንበሳው ጎፈር፣
በመሮ የተበጠረ ፀጉር በፀጉር።
የጥሩሩን ቀለበት ልቆጥር ጀመርኩና
መቶ አርባ ስደርስ ተሳሳትኩ እንደገና።
ካባው ግምጃ ይሁን ከፋይ ግራ ገባኝ፤
ድንጋይ አይታሽም፣ ጣቴ አልነገረኝ።
ስሙን ግን አጣነው፦ ከራስጌው ያለውን
ጽሕፈት ጠፈጠፉ ልሶታል ፊደሉን።

ሜትሬን ዘረጋሁ። "ጌታዬ፣ በይቅርታ"
አልኩት ከልማዴ፣ ሆዱን እስኪፈታ።
እሱ እቴ! ሳብ የለም፣ አይልም እርፍ እንኳ፤
ደረት መቶ ስምንት። ወገቡም ተለካ።
ከዚያ ክንዱ ሆነ። ልጁ ጧፉን ያዘ፣
ሜትሬ ወደ ብብቱ ቀስ እያለ ተጓዘ፤
ጥሩሩ ሲያበቃ፣ እጀ ጠባቡ በሚወጣበት፣
ወደ ግድግዳው ዞሮ ማንም በማያይበት፣

አንዲት እራፊ።
                    ተጥፋለች። ክሯ ይታያል።
በድንጋይ ላይ ክር! ሰው እንዴት ያምነኛል?
አሥራ ሰባት ስፌት፣ አንዱ ዘሎ የሄደ፤
ያየውን ጠረበ፣ ጠራቢው አልካደ።
የባለሙያ እጅ አይደለም፣ ይህን አውቃለሁ፤
ክሩ በጣም ተስቦ ተጨማድዷል፣ አየሁ።
ሚስቱ ትሆን፣ እህቱ፣ ወይስ ራሱ ጌታው
ነገ ሊዘምት ሌሊት በኩራዝ የጣፈው?

ልጆቹን ጠራሁ። አዩ። ፎቶም አነሱ።
"ጋሽ ይማም፣ እሷን ይተዋት" አሉኝ ስንመለስ፣ እየተነሱ፤
"ለሕዝብ የሚታይ ነው፣ ጌታ ተጥፎ ይታያል?"
ዝም አልኩ። ገንዘብ የሚከፍል ያዛል።

ካባውን ሰፋሁት፣ ከፋይ በወርቀ ዘቦ፤
ጥሩሩን ኮምቦልቻ ጠለፉት ከሽቦ።
ዛሬ ከመስታወት ውስጥ እንደ ቀስት ቆሟል፣
ጎብኚው "አቤት ግርማ!" ይላል፣ ያልፋል።

የእንጨቱን ግራ ክንድ ማንም አያነሣው።
ከብብቱ ስር አለች፣ ያቺው፣ እንደ ጥንቱ ልማድ ያደረግኋት፤
አሥራ ስድስቱ ስፌት ወዲያው አለቀልኝ።
ዘሎ የሄደው ነው ሌሊቱን ያቆየኝ፦
እጄ እምቢ አለኝና እንደዚያ ለመሳት፣
ሦስት ጊዜ ፈትቼ በአራተኛው ሰፋሁት።